የጥቁር አንበሶች ምርጫ

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ሊይዝ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ ከሮም ለማርሻል ባዶሊዮ አንድ የቴሌግራም ትእዛዝ አስተላለፈ። የትእዛዙ ፍሬ ነገር አጭር ነበር፤ ከተማይቱ በተያዘች ጊዜ መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው ሁሉ ወዲያው በጥይት ይደብደብ፣ «ወጣት ኢትዮጵያውያን» እየተባሉ የሚጠሩትም እንዲሁ ያለ ፍርድ ይረሸኑ የሚል ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ብዙ የሚያስገርም አይደለም፤ ወራሪ ጦር ሁሉ የታጠቀን ሰው ይፈራል። ቆም ተብሎ ሊታሰብበት የሚገባው ሁለተኛው ነው። እነዚህ ሰዎች ለሞት የታጩት በሠሩት ሥራ ሳይሆን በቀሰሙት ትምህርት ነበር። ጠመንጃ ያንሡ አያንሡ፣ ይሰደዱ ይቅሩ፣ ይገዙ ያምፁ ገና ሳይታወቅ ፍርዱ ተሰጥቶ አድሮ ነበር።

ጽሑፌን ከዚህ መነሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ አምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን በምንጽፍበት ጊዜ ምርጫው ለሁሉም ሰው ግልጽ እንደ ነበረ አድርገን መተረክ ለምዶብናል፤ በአንድ ወገን አርበኛ፣ በሌላው ወገን ባንዳ፣ ባሕር ማዶ ደግሞ ስደተኛ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የነበሩት ሰዎች እኛ ዛሬ የምናውቀውን ፍጻሜ አያውቁትም ነበር። ጠላት በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እንደሚወጣ የነገራቸው የለም። በ1928 ዓ.ም. ክረምት የሚያዩት ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር መሄዳቸውን፣ ጦሩ መበተኑን፣ የመንግሥታት ማኅበርም በወራሪው ላይ ጥሎት የነበረውን ማዕቀብ ማንሣቱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ያደረጉትን ለመመዘን የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የራሱን ዕውቀት ወደ ጎን ማድረግ ይኖርበታል።

በዚህ ጽሑፍ የምመለከተው ከእነዚያ ወጣቶች መካከል የጥቂቶቹን ታሪክ ነው። የመረጥኳቸውም ከእኛ ሙያ ጋር የሚገናኙበት መንገድ ስላለ ጭምር መሆኑን አልደብቅም።

በ1927 ዓ.ም. በሆለታ የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኰንኖች የሚመራ፣ ገና አንድ ዙር ተማሪዎቹን እንኳ በወጉ ያላስመረቀ ተቋም ነበር። አዲስ አበባ በወደቀች ጊዜ ከእነዚህ እጩ መኰንኖች ከፊሎቹ ወደ ምዕራብ አቅንተው ነቀምቴ ደረሱ። በዚያም በውጭ አገር የተማሩ ሌሎች ወጣቶች ተቀላቀሏቸው። በፈረንሳይ አገር በሳን ሲር የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑት ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ፣ በለንደን የምጣኔ ሀብት ትምህርት የተከታተለው ይልማ ደሬሳ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ፣ እንዲሁም በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱት ሁለት ወንድማማቾች፣ ብንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ፣ ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። የወንድማማቾቹ አባት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ልጆቹ መሸሽ ቢፈልጉ የሚጠጉበት የአባት ቤት ነበራቸው ማለት ነው።

ማኅበሩ «ጥቁር አንበሳ» ተባለ። ሊቀ መንበሩም ዶክተር ዓለመወርቅ ሆነ። አንድ የእንስሳት ሐኪም የሽምቅ ጦር ማኅበር መሪ ሲሆን ዛሬ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ሊመስለው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ይህ ሹመት ማኅበሩ ካወጣው ዐሥር አንቀጽ ካለው ደንብ ጋር የሚስማማ ነበር። ደንቡ የጦሩ አመራር ለፖለቲካው አመራር እንዲገዛ ያዛል። ገበሬውን መበደልና ማንገላታት ይከለክላል። የጦር ምርኮኛ በሰብአዊነት እንዲያዝ ያዛል። ወደ ውጭ አገር መሰደድንም ይከለክላል።

ከእነዚህ አንቀጾች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማስብበት ስደትን የሚከለክለው ነው። የሱዳን ድንበር ከወለጋ ሩቅ አይደለም። ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ የውጭ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሎንዶንና በፓሪስ የሚያውቁት ሰው ያላቸው ነበሩ፤ ከአገሩ ሕዝብ መካከል ስደት ከሁሉ ይልቅ የሚቀለው ለእነርሱ ነበር። ያንን በር በገዛ እጃቸው ዘጉት። በአንጻሩ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው የተሰደዱት ሁሉ ፈሪዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ በጄኔቫ የተሰማው የኢትዮጵያ ድምፅ በስደተኞች አፍ የተሰማ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1931 ዓ.ም. መስከረም በስደት ላይ ሳሉ እንግሊዝ አገር ዐርፈዋል። ነገር ግን ለመሄድ የሚችል ሰው ለመቅረት ሲማማል፣ መሄድ የማይችለው ባላገር ከሚከፍለው የተለየ ነገር ይከፍላል።

የማኅበሩ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ቦናያ ላይ የተፈጸመው ነው። የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር አገራቸውን ከጥፋት ለማዳን በማሰብ ከኢጣሊያኖች ጋር መነጋገር ጀምረው ነበር። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣሊያ አይሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ሜዳ ላይ ዐረፉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮና በአገሩ እጅግ ዝነኛ የነበረው አብራሪ ሎካቴሊ ይገኙበታል። በዚያው ሌሊት የጥቁር አንበሳ ሰዎችና የሆለታ ወጣቶች ሰፈሩን ከበው አይሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ዐሥራ ሁለት ኢጣሊያኖችም ገደሉ። ከዚያ አደጋ የተረፈው ከደጃዝማቹ ጋር ለመነጋገር ቀደም ብሎ ከሰፈሩ የሄደው ሚስዮናዊ አባ ቦረሎ ብቻ ነበር።

ይህ ድል በብዙ መጻሕፍት ተወስቷል፤ የሚገባውም ነው። በዚያን ጊዜ የኢጣሊያ ጦር የሚመካው በአየር ኃይሉ ነበርና ሦስት አይሮፕላን ከነአዛዡ መሬት ላይ ማጋየት ቀላል ነገር አልነበረም። ይሁንና ከዚያ ወዲያ የመጣውን ደግሞ መናገር ያስፈልጋል። ጠላት ነቀምቴን በቦምብ ደበደበ። ቦምቡ የወረደባቸው የከተማው ሰዎች በዚያች ሌሊት ምክር ውስጥ አልነበሩም፤ ፈቃዳቸውንም የጠየቃቸው አልነበረም። ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ለጠላት ያደላ ሰው ተብለው በሚነቀፉበት ጊዜ ይህ ነገር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። እርሳቸው የሕዝባቸውን ቤት ያስቡ ነበር፤ ወጣቶቹ ደግሞ የአገሪቱን ነጻነት። ከሁለቱ የቱ ትክክል እንደ ነበረ ዛሬ መናገር ይቀላል፤ እኔም ወጣቶቹ ትክክል እንደ ነበሩ አምናለሁ። ነገር ግን ዕዳው በእነርሱ ላይ ብቻ አልወደቀም፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ቦናያ ብቻ መናገር ሒሳቡን በግማሽ መጻፍ ይሆናል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥቁር አንበሶች በጎሬ በተቋቋመው ጊዜያዊ መንግሥት በእንደራሴነት ከተሰየሙት ከልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተዋሐዱ። ወደ አዲስ አበባ ለመገስገስ ያደረጉት ሙከራ አልተሳካም። መንገዱ በጠላት ብቻ ሳይሆን በአገሬው ቅሬታም የተዘጋ ነበር፤ የቀድሞው አስተዳደር በደል ያስቀየመው ሕዝብ በየስፍራው በሩን ዘጋባቸው። ገበሬው እንዳይበደል በደንባቸው የጻፉት ወጣቶች ከእነርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የፈጸሙትን በደል ብድር ከፈሉ። ጥይቱ እያለቀ፣ ሰው እየተበተነ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብ እያፈገፈጉ ከፋ ውስጥ ጎጀብ ወንዝ ዳር ደረሱ። በዚያም ተከበቡ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ ለተከታዮቻቸው ሕይወት ዋስትና ተቀብለው እጃቸውን ሰጡ።

በሙያችን አንድ ድልድይ ሲነደፍ ይሸከመዋል ተብሎ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ የሚችልበት ትርፍ አቅም ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም የብረቱ ባሕርይ፣ የወንዙ ሙላት፣ የሠራተኛው እጅ ሁሉ ሙሉ በሙሉ አይታወቅም። ለማይታወቀው ነገር ቦታ እንተውለታለን። ጎጀብ ወንዝ ዳር የነበሩት ሰዎች ለማይታወቀው ነገር የሚተዉት ቦታ አልነበራቸውም። በእጃቸው የነበረው ማስረጃ የጠላት ቃል ብቻ ነበር። ቃሉም ለጊዜው ተጠበቀ፤ ራስ እምሩ በአይሮፕላን ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ፤ ተከታዮቻቸውም ወዲያው አልተገደሉም።

እዚህ ላይ የቀኑን አቈጣጠር ልብ እንበል። ከጎጀብ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 12፣ በሰላሌ ፍቼ ላይ ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ የምሕረት ቃል ተቀብለው ገቡ። ቃሉን ያደረሱላቸው ራስ ኃይሉ ነበሩ፤ ሰጭው ጄኔራል ትራኪያ ነበር። ሁለቱም በዚያው ዕለት ተገደሉ። በሦስት ቀን ልዩነት፣ የአንድ መንግሥት ጦር፣ አንዱን ቃል ጠብቆ ሌላውን አፈረሰ። የጠላት ቃል ሁልጊዜ የሚፈርስ ቢሆን ኖሮ ምርጫው በቀለለ፤ ማንም እስከ መጨረሻው ጥይት ይዋጋ ነበር። አስቸጋሪው ነገር አንዳንድ ጊዜ መጠበቁ ነው። ስለዚህ በጎጀብ እጅ የሰጡትን ሞኞች፣ በፍቼ የገቡትንም የዋሃን ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ በዚያ ሳምንት እኛ ብንሆን በምን እናውቅ ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ክፍሌ ነሲቡ፣ በላይ ኃይለ አብና ወንድማማቾቹ መሐንዲሶች በዚህ ሁኔታ አዲስ አበባ ገቡ። ሁለት ወር ያህል ኖሩ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ ሰው ሁሉ የስድስት ኪሎውን ግቢ ያውቀዋል። በዚያ ግቢ ውስጥ የትም የማያደርስ፣ ወደ ሰማይ ብቻ የሚወጣ አንድ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ያሠሩት ኢጣሊያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ መርገጫ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ ያለውን አንዳንድ ዓመት እንዲያመለክት ታስቦ ነው። ከነጻነት በኋላ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። እኔም ተማሪ ሳለሁ ከአምስት ኪሎ ወደዚያ ግቢ እየተመላለስሁ ብዙ ጊዜ በአጠገቡ አልፌአለሁ፤ በመጀመሪያ ያሰብሁት ግን እንደ መሐንዲስ ስለ ሚዛኑና ስለ መሠረቱ ብቻ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ ለድኾች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ የሰበሰበው በዚሁ ግቢ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር።

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በዚያ ቀን ያደረጉት በሰፊው የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም። የእጅ ቦምቦቹ ግራዚያኒን ክፉኛ አቈሰሉት፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ሊዮታም እግሩን አጣ። እኔ ላተኵርበት የምፈልገው ግን ስለ አብርሃ የሥራ ቦታ ነው። አብርሃ ኢጣሊያንኛ ዐዋቂ ሲሆን በጠላት የፖለቲካ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በመንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ ምን ብሎ ይጠራው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ለጠላት ያደረ መስሎ መኖር፣ የጎረቤትን ንቀት ዝም ብሎ መቀበል፣ ጫካ ከመግባት የማያንስ ብርታት ይጠይቃል። የውስጥ አርበኞች የተባሉት ሁሉ ይህን ኑሮ ኖረውታል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉት በከተማ ተቀምጠው ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ሲያቀብሉ ተይዘዋል፤ እርሳቸውም አዚናራ ወደምትባለው የኢጣሊያ ደሴት ተግዘው፣ ከዚያ ተመልሰው ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። አንድ ጊዜ የታሰረ ሰው ሁለተኛ ሲመርጥ የሚመርጠውን ነገር ዋጋ አውቆ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ምርጫቸው ይልቅ ሁለተኛው ይበልጥብኛል።

ስለ ስምዖን አደፍርስም ጥቂት ልበል። ስምዖን የታክሲ ነጂ ነበር። ቦምብ አልወረወረም፤ የእርሱ ድርሻ መኪናውን ይዞ መጠበቅና ሁለቱን ሰዎች ከከተማው ወደ ደብረ ሊባኖስ አቅጣጫ ማውጣት ነበር። አልችልም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ሞተሩ ተበላሸ ቢል ይበቃል። መኪና ጥቂት በሆነባት በዚያች ከተማ የማን ታክሲ የት እንደ ሄደ ማጣራት ለፖሊስ አስቸጋሪ እንደማይሆን ደግሞ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ተያዘ፤ ብዙ ሥቃይ ተፈጽሞበት ሞተ። አብርሃና ሞገስም ከአርበኞች ጋር ጥቂት ጊዜ ከቈዩ በኋላ ወደ ሱዳን ሲያቀኑ በመንገድ ላይ ተገደሉ።

ከቦምቡ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነው በሦስት ቀን የሚቈጠር ግፍ ነው። የፋሺስት ፓርቲ ኀላፊ ጉይዶ ኮርቴሴ ሰዎቹን ለቀቃቸው፤ ጥቁር ሸሚዞቹ በአካፋና በዶማ፣ በቤንዚንና በጥይት ከተማይቱን አወደሙ። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቍጥር 30,000 ሲሆን፣ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል በቅርብ ዓመታት ባሳተመው ጥናት 19,000 ገደማ መሆኑን ገምቷል። በግንቦት ወር ደግሞ የጄኔራል ማሌቲ ጦር በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን ረሸነ፤ ኢጣሊያኖች ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት 449 ሰው ነው፤ ኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ መሆኑን አረጋግጠዋል። የተሰጠውም ምክንያት ገዳሙ ከቦምብ ወርዋሪዎቹ ጋር ግንኙነት ነበረው የሚል ነበር።

አብርሃና ሞገስ ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ኖሮ ቦምቡን ይወረውሩ ነበር? አንዳንድ ሰዎች ይህን ጥያቄ የሚያነሡት የገዳዩን ጥፋት ወደ ወርዋሪው ለማዛወር ነው፤ ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። በአካፋ የመታው ሰው ኀላፊነቱ የራሱ ነው። የመጀመሪያው ቴሌግራም የተጻፈውም ከየካቲት 12 ዘጠኝ ወር በፊት መሆኑን ከላይ አይተናል። ነገር ግን ጥያቄውን ከነጭራሹ አታንሡ ማለትም ለእነዚያ ሁለት ሰዎች ክብር የሚጨምር አይመስለኝም። ጭቆናን የሚቃወም ሰው የራሱን ሕይወት ብቻ አሲዞ አይጫወትም፤ ጨቋኙ መያዣውን ከሌላው ሰው ቤት ይወስዳል። ይህን ያወቁ፣ ዐውቀውም የተነሡ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ዐውቀው የተቀመጡም ነበሩ፤ ከተቀመጡትም ሁሉ ከሃዲ አልነበረም።

የጥቁር አንበሳ ሰዎች በቦምቡ ነገር እጃቸው አልነበረበትም። ጎጀብ ላይ የተሰጠው ቃል ግን ከየካቲት 12 በኋላ ዋጋ አጣ። ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ ተረሸኑ። ብንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ ተረሸኑ። በካምብሪጅ የተማረው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ፈቃደ ሥላሴም ከተገደሉት አንዱ ነው። ከተማሩት መካከል እንደ ይልማ ደሬሳ ወደ ኢጣሊያ የተጋዙ ጥቂቶች ተርፈው ከነጻነት በኋላ በከፍተኛ ኀላፊነት አገልግለዋል። ለምን እነዚህ ተረፉ፣ ለምን እነዚያ ሞቱ ብሎ ሕግ ለማግኘት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። በአንድ ወንዝ ዳር አንድ ቃል የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ።

ራስ እምሩ በፖንዛ ከታሰሩ ከዓመታት በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም. ክረምት፣ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ተሽሮ ወደዚያችው ደሴት ተወሰደ፤ ያረፈበትም ቤት ራስ እምሩ ታስረው የነበሩበት ቤት ነበር። ይህን ታሪክ ሰዎች ሲናገሩት ፈገግ ይላሉ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ ሆኖም ለብንያምና ለዮሴፍ የመለሰላቸው ነገር የለም።

ሐኪም ወርቅነህ ገና በሕፃንነታቸው፣ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በእንግሊዝ መኰንን ተወስደው ሕንድ አገር ያደጉ፣ ሐኪም ሆነው አገራቸውን ፈልገው የተመለሱ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው መሐንዲሶች እንዲሆኑ ያስተማሩት መንገድና ድልድይ ለሚያስፈልጋት አገር ነበር። የልጆቻቸውን መርዶ የሰሙት በስደት ላይ ሳሉ ነው። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ።

የአዲስ አበባው የምሕንድስና ኮሌጅ በሩን የከፈተው በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ እርሳቸው ባረፉበት ጊዜ አካባቢ ነው። የኮሌጁ የመጀመሪያ መምህራን በብዛት ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ በዚያን ጊዜ ገና በሥራ ዕድሜ ላይ በሆኑ ነበር።